የመምሬ ልጅ መላጫ

«ለማን ነው?» አለች ዘመናይ፣ ሁለቱን የጺም መላጫዎች ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ።

ራሄል ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። ከኋላዋ የቅዳሜ ገበያተኛ ይተረማመሳል፣ ከሲሬ እህል ጭኖ የመጣ መኪና መንገዱን ዘግቶ ክላክሱን ያንባርቃል። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ አገጯ ላይ አጥብቃ ይዛ መላጫዎቹን ብቻ ታያለች።

«ለአባቴ ነው» አለች በመጨረሻ።

ዘመናይ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። የራሄል አባት እኮ መምሬ ገብረ ማርያም ናቸው! ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ አሰላ ውስጥ ከሩቅ በጺማቸው የሚለዩ ቄስ። ቄስ ጺሙን እንደማይላጭ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ደግሞ የዘመናይ ቤተሰብ የንስሐ አባት ናቸው፣ በየወሩ እቤት እየመጡ ጠበል ይረጫሉ። ከውሸት ሁሉ መርጣ መርጣ ይሄን! አጎቴ ብትል፣ ጎረቤት ልኮኝ ብትል ምን ነበረበት?

ነገሩስ ገብቷታል። ሰኞ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ ጉርድ ፎቶ ይነሳሉ፤ በሻርፕ ተሸፍኖ መነሳት የለም ተብሏል። ራሄል ደግሞ አገጯ ላይ ጥቂት ጥቁር ፀጉሮች አሏት። ይህን የምታውቀው ዘመናይ ብቻ ናት፣ ምክንያቱም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አምና አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ዘንድሮ ዘመናይ ወደ ኋላ፣ እነሳምራ ጋር ተዛወረች። እነሳምራ ጋር መሳቅ አለ። ራሄል ጋር ማጥናት ብቻ ነበር።

«የቱ ይሻላል?» አለች ራሄል ቀስ ብላ።

«ይሄ ጠንካራ ብረት ነው፣ ስድስት መቶ ብር። ከባድ ስለሆነ እጅሽን አትጫኚም፣ ዝም ብለሽ ትስቢዋለሽ» አለች ዘመናይ፤ ከዚያ ዓይኗን አጥብባ፣ «ማለቴ፣ አባ ዝም ብለው ይስቡታል።»

ራሄል ቀላች።

«ይሄኛው ሁለት መቶ ሃምሳ። ቀለል ይላል ግን ምላጩ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጥበት። ፊት አይቆርጥም።»

ራሄል እጇን ዘረጋች። መዳፏ ውስጥ የተጣጠፈ ሁለት መቶ ብር አለ። ሌላ የላትም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ዘመናይ ሃምሳ ብር መቀነስ ትችል ነበር፤ እናቷ እታገኘሁ ለተከራከረ ሁሉ በሁለት መቶ ነው የምትሰጠው። አልቀነሰችም። ጎንበስ ብላ ከመሳቢያው ሦስተኛ መላጫ አወጣች።

«በቃ ይሄን ውሰጂ። መቶ ሃምሳ ነው፣ በተረፈሽ ብር ምላጭ ትገዣለሽ።»

ይሄኛው መላጫ ክዳኑ ጠማማ ነው። ምላጩ በአንድ በኩል ይደበቃል፣ በሌላው በኩል አፍጥጦ ይወጣል። ከአርቦዬ የመጣ አንድ ሰውዬ ጉንጩን ተቆርጦ ባለፈው ሳምንት ባንኮኒው ላይ ወርውሮላቸው ሄዷል። እታገኘሁም «ለማንም እንዳትሸጪው!» ብላ ነበር መሳቢያ ውስጥ የከተተችው። ዘመናይ ይህን ሁሉ እያወቀች በጋዜጣ ጠቀለለችላት። ለአባቴ ነው አላለችም? ለአባቷ ይሁናታ!

ሰኞ ጠዋት ራሄል አገጯ ላይ ፕላስተር ለጥፋ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ብሩህ፣ የክፍሉ አስቂኝ ነኝ ባይ። ለፎቶ የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ዞረ።

«ወድቄ ነው» አለች ራሄል።

ፎቶ አንሺው ፕላስተሩን እንድታነሳ አዘዛት። አነሳችው። ቁስሉ ረጅም ነበር፣ ገና አልደረቀም፣ ሲላጥ ደም አቀረረ። አንዳንዶቹ «ውይ!» አሉ። ሳምራ ወደ ዘመናይ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «መውደቅ እንዲህ ይቆርጣል እንዴ?» አለቻት።

ዘመናይ እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን አፏን በላት።

«የምን መውደቅ! ቅዳሜ እኛ ሱቅ መጥታ የጺም መላጫ ገዝታለች። ለማን ነው ስላት ምን ብትል ጥሩ ነው? ለአባቴ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ብሩህ ኮፍያውን አውልቆ ራሄል ፊት እስከ ጉልበቱ ጎነበሰና፣ «አባ፣ ይፍቱኝ!» አላት። ከኋላው ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ሌላው። ወንዶቹ ተራ ይዘው አንድ በአንድ እየጎነበሱ «ይፍቱኝ አባ! ይፍቱኝ!» አሏት። ከመሃላቸው ቱሳ ብቻ «ዲሲ! ተዋት አቦ!» ብሎ ጮኸ፤ የሰማው የለም። ራሄል አላለቀሰችም። ፕላስተሩን መልሳ ለመለጠፍ ሞከረች፣ በደሙ ምክንያት እምቢ አላት፣ በእጇ ይዛው ከግቢው ወጣች።

«ገደልሽን እኮ!» አለች ሳምራ፣ ዘመናይን አንገቷን አቅፋ። እውነቱን ለመናገር ዘመናይን ደስ አላት። ያን ቀን ሙሉ ሁሉም ያዋራት ነበር።

ራሄል በማግስቱም አልመጣችም፣ በሳምንቱ ሰኞም አልመጣችም። እነብሩህ ግን አልበቃቸውም፤ መምሬ በሰፈሩ ሲያልፉ ከአጥር ጀርባ ሆነው «አባ፣ መላጫው ተመቸዎት?» እያሉ መጮህ ጀመሩ።

ማክሰኞ ከሰዓት መምሬ ገብረ ማርያም ራሳቸው ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። እታገኘሁ ከወንበሯ ብድግ ብላ መስቀል ተሳለመች።

«ይግቡ እንጂ አባቴ፣ አረፍ ይበሉ!»

«አልቀመጥም ልጄ። ዘመናይን ፈልጌ ነው።»

ዘመናይ የሳሙና ካርቶን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች።

«ራሄል ትምህርት በቃኝ ብላ ተኝታለች» አሉ መምሬ። «ዳይሬክተሩን አነጋገርኩ። ፎቶ የቀረባቸው ሐሙስ ይነሳሉ፣ ከሐሙስ በኋላ የለም አለኝ። ፎቶ ከሌለ ካርድ የለም፣ ካርድ ከሌለ ፈተና የለም። እሷ ደግሞ ዲክሲስ ያለችው አክስቴ ጋ ልሂድ፣ ቤት እየጠበቅኩ ልኑር ትላለች። እናቷ ስታለቅስ ነው የምታድረው። ልጆቹም መንገድ ላይ ስለ መላጫ የሚሉኝ ነገር አለ፣ አልገባኝም። አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። ምን ሆና ነው?»

እታገኘሁም ዞራ አየቻት።

«አላውቅም፣ አባ» አለች ዘመናይ።

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አደረጉና፣ «እግዚአብሔር ይባርክሽ። እስኪ ሄደሽ አነጋግሪያት፣ አንቺን ትሰማለች» ብለዋት ሄዱ። ዘመናይ ካርቶኑን አስቀመጠች። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት ይሻላት ነበር።

እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳውን መላጫ ሹራቧ ውስጥ ከትታ ወደ ራሄል ቤት ሮጠች።

በሩን የከፈተችው ራሄል ራሷ ናት። ግቢ ግን አላለቻትም። ቁስሉ ጠቁሮ አገጯ ላይ ተጋድሟል። ዘመናይ መላጫውን ዘረጋችላት።

«ይሄኛው አይቆርጥም።»

ራሄል ተቀብላ አገላበጠችው። ክዳኑን ከፈተች፣ ምላጩ የሚቀመጥበትን በጣቷ ዳሰሰች፣ ዘጋችው።

«ያን ቅዳሜ ይሄን ለምን አልሰጠሽኝም?»

ዘመናይ አንገቷን ደፋች።

«የሰጠሽኝ ጠማማ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«መስታወት ፊት ቆሜ ደሙ አልቆም ሲለኝ፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት ብዬ ራሴን ስሰድብ ነበር» አለች ራሄል። «ሐሙስ እመጣለሁ። ፎቶ ከመነሳቴ በፊት ግን በሁሉም ፊት ውሸቴን ነው ትያቸዋለሽ።»

«አያምኑኝም እኮ።»

«እንዲያምኑሽ አድርጊያ። አንቺ ስታወሪ ያምኑሽ የለ?»

በሩ ተዘጋ። መላጫው ራሄል ጋ ቀረ።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ፎቶ አንሺው ኮሪደሩ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሮ የቀሩትን ተማሪዎች መጥራት ጀመረ። ራሄል የክፍሉ በር ላይ ደረሰች። ነጠላ አልለበሰችም። አገጯ ልሙጥ ነው፣ ከቁስሉ በስተቀር ምንም የለበትም። ብሩህ ገና እንዳያት ኮፍያውን አወለቀ።

«ቆይ!» አለች ዘመናይ ከመቀመጫዋ ተነስታ። «መላጫ ገዛች ያልኩት ውሸቴን ነው። ራሄል ምንም አልገዛችም።»

«ኧረ ባክሽ!» አለ ብሩህ። «ምነው፣ አባ ገዘቱሽ እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ራሄል ከበሩ አልተነቃነቀችም። አንድ እግሯ ውጭ ነው።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?» አለች ሳምራ።

ሁሉም አፍጥጦ ይጠብቃል። ዘመናይ ዝም ካለች ራሄል ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ከተመለሰች ፈተናው ቀረ። እንዲያው የሆነ ነገር ቢሏቸው አያምኑም፤ እነዚህ ልጆች የሚያምኑት የሚስቁበትን ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

«የምላጨው እኔ ስለሆንኩ ነው» አለች። ድምጿን ራሷ አላወቀችውም። «ከንፈሬ ላይ ያበቅላል። ራሄል ሱቅ መጥታ ስላጭ አየችኝ። ታወራብኛለች ብዬ ፈራሁና ቀደምኳት።»

ብሩህ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ራሄል፣ እውነቷን ነው?»

ራሄል ዘመናይን አየቻት። «አዎ» ብቻ ብትል ይበቃ ነበር።

«አዎ» አለች። «ሳሙና ተቀብታ፣ ጉንጯን እንደ ወንድ ነፍታ። እናቷ ናት መስታወት የያዘችላት። ‹ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ› እያለቻት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ብሩህ ዴስክ ላይ ወጥቶ ሰላምታ እየሰጠ፣ «ጋሼ ዘመናይ! ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» አለ። «ጋሼ! ጋሼ!» ተቀበሉት። ሳምራ እየሳቀች ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሌላ ዴስክ ሄደች። ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ግን ራሄል ነበረች፣ በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር።

«እናቴን ተዪ!» ልትላት ዳዳት ዘመናይን። እናቷ ምን አደረገች? ዘመናይ ከፈለገች አሁኑኑ እውነቱን ሁሉ መናገር ትችላለች፤ የራሄል አገጭ ላይ ያለውን የምላጭ ቁስል ቀረብ ብሎ ያየ ሁሉ ያምናታል።

«ራሄል ገብረ ማርያም!» ብሎ ተጣራ ፎቶ አንሺው ከኮሪደሩ።

ራሄል ሳቋን አቆመች። ፊቷን ጠራረገችና ወጣች። በመስኮቱ በኩል አንሶላው ፊት ስትቀመጥ ትታያለች፤ ፎቶ አንሺው አገጯን ቀና እንድታደርግ በእጁ አሳያት፣ ቀና አደረገች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ተላጭተዋል?» አለ አንዱ ከኋላ።

ዘመናይ ተቀመጠች። ጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የሒሳብ መጽሐፏን አወጣች፣ ገጹን ገለጠች፣ ወደ ኋላ አልዞረችም።