የአምሐ ብሎን

ኢንስፔክተር ዙቤዳ አየር ጤና ካለው ጋራዥ ስትደርስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የአምሐ ሬሳ በሸራ ተሸፍኗል። ክሪኩ ወድቆ፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ የቆመው ፒካፕ ደረቱን ደፍጥጦታል። የመኪናው ባለቤት ሌሊሴ ጥግ ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «አቶ በየነ ‹አምሐ ጨርሶ ወጥቷል፤ ዳሽቦርዱ ይበራ እንደሆነ ቁልፉን በመስኮት አዙሪና እዪው› አሉኝ። ሳዞረው መኪናው ዘለለ። አምሐ ስር የገባው በግድግዳው በኩል ስለነበር አላየሁትም።»

«እኔ ከቢሮዬም አልወጣሁ!» አለ የጋራዡ ባለቤት በየነ። «ማርሽ ውስጥ እንዳለ ነው ያዞረችው። ሳታውቅ ነውና አትጨክኑባት።»

ያልተጠየቀ ደግነት ዙቤዳን አይጥማትም። እዚያው ጋራዥ ወደሚሠራው ቀጥቃጭ ወደ የኔሰው ዞረች።

«ጀርባዬን ሰጥቼ ብረት በግራይንደር እቆርጥ ነበር፤ ከጩኸቱ የተነሣ ምንም አልሰማሁም» አለ። «ግን አምሐ ጠዋት ዳሽቦርዱን ፈትቶ ‹ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ለሌሊሴ ሳልነግራት አልውልም› ሲል አቶ በየነም ሰምተዋል። መኪናውን የሸጡላት እሳቸው ናቸው።»

ዙቤዳ ሸራውን ገለጥ አድርጋ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። አንድ ቅባት የነካው ብሎን አገኘች።

«የባትሪው ገመድ ማሰሪያ ነው» አለ የኔሰው፣ እንባው እየቀደመው። «መኪና ስር ሊገባ ሲል ፈትቶ ኪሱ ይከተዋል። ማንም እንዳያስነሳበት።»

የፒካፑን የሞተር ኮፈን ከፈተች። ገመዱ በሌላ ብሎን ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ሦስቱንም ሰዎች ሰበሰበቻቸው።

«አምሐ የገባው ባትሪውን ፈትቶ ነው፤ ብሎኑም ከኪሱ አልወጣም። እሱ ስር እያለ አንድ ሰው በግራይንደሩ ጩኸት ተከልሎ ሌላ ብሎን አምጥቶ አሰረ፤ ማርሽም አስገባ። ብሎኑ ከየት መጣ? የብሎን ሣጥኑ ያለው የኔሰው እግር ስር ነው። እዚያ የሄደን እሱ ያየዋል። አቶ በየነ፣ ያቺ በር ላይ የቆመችው ነጭ መኪና የእርስዎ ናት?»

«ናት።»

«ቁልፏን ሌላ ሰው ይይዛል?»

«ለማንም አልሰጥም።»

«እስቲ ያስነሷት።»

በየነ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ እንጂ ወደ መኪናዋ አልሄደም። ዙቤዳ ቁልፉን ተቀብላ የተቆለፈውን በር ከፈተችና አዞረች። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልበራም። ኮፈኑን ከውስጥ ስባ ስትከፍት የባትሪው ገመድ ያለ ብሎን ተንጠልጥሏል።

ፖሊሶቹ በየነን በካቴና ይዘውት ወጡ።

«አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት ዙቤዳ።

ሌሊሴ ቁልፉን ያዞረችበትን እጇን ታያለች።

«ዛሬ የምመጣበት ቀን አልነበረም» አለች። «‹የምነግርሽ ነገር አለ፣ ቶሎ ነይ› ብሎ የጠራኝ አምሐ ነው።»