በጨው የተቀመጠ ቅሬታ

ልሳኑ በወረዳው ቅሬታ ሰሚ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ አንድም ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም፤ አንዴ የተጻፈውን ለማወቅ፣ አንዴ ጸሐፊው የዘለለውን ለማግኘት። በሰው እጅ የደረሰውን የታናሽ እህቱን የእታገኝን ደብዳቤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያነበበው። «ጋሼ፣ እዚህ ቅሬታ አለ። መጥተህ እይ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ሳቀ። ከአራት ወር በፊት፣ ዓለም ሲጠፋ እኛ ብቻ እንተርፋለን ከሚሉ ሰዎች ጋር ተነሥታ ስትሄድ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ነግሯት ነበር። አንድ ሽንት ቤት በወጉ ማጽዳት ያልቻለ ማኅበር፣ እግዚአብሔር ለዘር ያስቀምጠዋል! አሁን ተማርራለች ማለት ነው፤ ወስዶ እናታቸው ቤት ይመልሳታል፤ ሌላ ጉዳይ የለውም።

ከመተሐራ አለፍ ብሎ፣ ድሮ የጥሬ ቆዳ መጋዘን የነበረው ግቢ ሲደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ ቋ፣ ቋ ይላል። በሩን የከፈቱለት የማኅበሩ አለቃ አቶ ወንድይፍራው ነበሩ።

«የወረዳው ቅሬታ ሰሚ ነኝ፤ ቅሬታ አለ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ ልሳኑ፣ ሰላምታውን ዘልሎ ቦርሳውን እየከፈተ።

የሽማግሌው ፊት በራ። «አለ! ተመስገን፣ አለ። ጥቂት ነው እንጂ አለ።»

«በጽሑፍ ነው?»

«በጨው ነው።»

የባላገር ቀልድ መስሎት በአፍንጫው ሳቀ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይኑ እንደ ልማዱ መቁጠር ጀመረ። በግድግዳው ሥር አርባ ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ሸረሪት አድርቷል። እነዚህ ሰነፎች በባዶ እግራቸው ነው የሚውሉት፣ ብሎ ደመደመ። ከጨው፣ ከእርጥብ ጠጉርና ከከረመ ደም የተሠራ የሚመስል፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታም ነበር፤ መጋዘኑ ቆዳ ካየ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈው ቢያውቅም በቆዳ አሳበበው። ከወዲያኛው ጥግ፣ መስኮት ከሌለው ክፍል፣ የብዙ ሰው መዝሙር ይሰማል። የወንዱን፣ የሴቱን፣ የአሮጊቷን ድምፅ እያንዳንዱን መለየት ይችል ነበር፤ ትንፋሽ የሚወስዱት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው፤ እንደ ወናፍ ያለ፣ ረጅምና ጥልቅ አንድ ትንፋሽ። ሥራ ፈት ሰው ምን ይሥራ፣ ይለማመዳል እንጂ፣ አለ በልቡ።

የክፍሉን የብረት በር ሲያንኳኳ መዝሙሩ ተቆረጠ።

«ጋሼ፣ መጣህ?» የእታገኝ ድምፅ ነበር።

«መጣሁ። የማንም ዘባራቂ ጭራ ሆነሽ ከረምሽና አሁን ቅሬታ? ውጪ፣ እንሂድ። እማዬ አልጋ ይዛለች።»

«ግባ።»

«አንቺ ውጪ እንጂ!»

«ግባ፣ ጋሼ።»

ድምፁ የሚመጣው ከጉልበቱ በታች፣ ከበሩ ሥር ካለው ስንጥቅ ነው። ተንበርክካ መሆን አለበት፤ ማንበርከክ ይወዳሉ እነዚህ። በስንጥቁ ሞቃት አየር ወጥቶ የሱሪውን ጫፍ አርገበገበና ተመልሶ ገባ። ልሳኑ ንግግሩን አለዘበ።

«ለመሆኑ ምግብ ይሰጡሻል?»

«እበላለሁ» አለች፤ «አልጠግብም እንጂ።»

የሚጨበጥ ነገር ይህ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «የምግብ እጥረት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ልጅቷን በረሃብ ልትጨርሷት ነው እንዴ? ቅሬታውን አሁኑኑ አቅርቡልኝ!»

አቶ ወንድይፍራው አልተቆጡም። ከመደርደሪያው ላይ፣ ከብዙ መሰሎቿ መካከል፣ የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት የቆርቆሮ ሣጥን አወረዱ። እስከ አፏ ጨው ሞልቶባታል፤ በጎኗ በእርሳስ «እታገኝ» ተብሎ ተጽፏል።

«ቅሬታ ሰሚ ነዎት፤ ቅሬታ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም» አሉ፤ አሁን ንቀቱ የእርሳቸው ነበር። «በመጽሐፉ ቅሬታ ማለት ከጥፋት የተረፈ ቀሪ ነው። አንበሳ በጉን ሲነጥቀው እረኛው ከአፉ ሁለት እግር ወይም የጆሮ ጫፍ ያስጥላል። የሚተርፉትም እንዲሁ ነው የሚተርፉት ብሏል ነቢዩ። ሰው ሁሉ ግን ሙሉውን የሚተርፍ ይመስለዋል። እኔ እረኛ ነኝ፤ የቻልኩትን አስጥላለሁ።»

ልሳኑ ጨዉን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ጠቁሮ የተኮማተረ የጆሮ ጫፍ ነበር፤ ሁለት የጉትቻ ቀዳዳ ያለው። ሁለተኛውን በአሥራ አምስት ዓመቷ ራሷ በመርፌ ስትበሳው፣ በጥፊ የመታት እሱ ነበር።

«ጋሼ» አለ ከብረቱ ኋላ የእታገኝ ድምፅ። «ጋሼ» አለ ወዲያው በጎልማሳ ድምፅ፣ ቀጥሎም በአሮጊት፤ የበሩም መቀርቀሪያ ከውስጥ በኩል ቀስ እያለ ይንሸራተት ጀመር። ልሳኑ ወደመጣበት ሮጠ፤ የውጭው በር ተቆልፏል።

አቶ ወንድይፍራው ጨው የተሞላች ሌላ ሣጥን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የእርሳሳቸውን ጫፍ በምላሳቸው አርጥበው፣ በትሕትና «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ ውስጥ ያለው እርሱ እንደሆነ ወሩን ሙሉ በእህትዎ ድምፅ ‹ጋሼ፣ ጋሼ› ከማለት በቀር ሌላ አልነገረኝም» አሉ።