የላም ነው አልኳት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማላምን ሰው ነኝ፣ ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ። መሐል ሜዳ ከተማ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ ስሰፋ የምውል ሴት ነኝ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሱሪው እስኪያልቅለት ድረስ የሚያወራው አያጣም፣ አንዱ ወንዝ ዳር ጥላ ተከተለኝ ይላል፣ ሌላዋ የሞተች አክስቴ በስሜ ጠራችኝ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ «ጥላው የሚሰፋ ልብስ ካለው ወደኔ ላከው» እያልኩ ሳሾፍባቸው ነው የኖርኩት። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን የማወራው እያፈርኩ ነው፣ እመኑኝ፣ ለባሌ እንኳን አልነገርኩትም፣ ለእናንተ መንገሬ ስለማታውቁኝ ነው።

ልጄ ሰብለ አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ትክትክ ያዛት። ትክትክ ከያዘው ልጅ ጋር ያልኖረ ሰው እንደማንኛውም ሳል ይመስለዋል፣ ይሄኛው ግን አንዴ ከተነሳባት ትንፋሿን እስኪያሟጥጠው ድረስ አይለቃትም፣ ፊቷ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ በመጨረሻ አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ያፏጫል፣ ከፉጨቱ በኋላ የበላችው በሙሉ ተመልሶ ይወጣል። ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ፣ ሮዝ ሽሮፕ ሰጥተዋታል፣ ነርሷም ቁጭ አድርጋ አስረድታኛለች፣ «መድኃኒቱን ብትጨርስም ሳሉ ቶሎ አይለቃትም፣ ቀስ እያለ ነው የሚተዋት፣ ሲነሳባት ቀና አድርገሽ ያዣት፣ ካስመለሳት በኋላ ትንሽ አሳርፈሽ ጥቂት ጥቂት አብያት» ብላኛለች። ያለችኝን ሁሉ አደርግ ነበር። ሳህን ከጎኔ አይለይም፣ አንዱን ቀሚስ አጥቤ ሳሰጣ ሌላው ይበላሻል፣ አጥሚቱን በማንኪያ በማንኪያ ሰጥቼ ሆዷ ውስጥ ገባ ብዬ ደስ ሲለኝ አንዲት ሳል ትመጣና ሁሉንም ይዛው ትወጣለች።

ድካሙን እችለዋለሁ፣ ያቃተኝ የሰው ዓይን ነው። ባሌ ታደለ የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ አንድ ቀን በሱ መኪና ደብረ ብርሃን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸው ላይ አስመለሰችባቸው፣ ሽማግሌው «ምንም አይደል ልጄ» እያሉ ይጠርጋሉ፣ ከኋላ ያሉት ግን መስኮት ለመክፈት ይሻማሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይሸጉጣሉ። ትክክል ናቸው፣ በሽታው ይተላለፋል፣ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይዣት መሄድ ተውኩ፣ ደንበኞቼም በረንዳዬ ላይ መቀመጥ ትተው ጨርቃቸውን በሩቁ እየሰጡኝ መሄድ ጀመሩ። እና ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ በበሽታው ሳይሆን በልጅቷ ማፈር ጀመርኩ። ሰው ፊት ሳሏ ሲነሳባት አፏን በመዳፌ አፍኛት አውቃለሁ።

ሐምሌ ላይ አዝዬያት አማቴን እማማ ዘነበችን ልንጠይቅ ሄድን። እሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቀበሌ፣ ከገብሳቸውና ከበጎቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ገና ከመድረሳችን ሰብለ ሳሏ ተነስቶባት ጠዋት የሰጠኋትን ሽሮፕ ደጃፉ ላይ መለሰችው።

«ይቺን ልጅ መቼ ነው የምታሽሪያት?» አሉኝ።

«መድኃኒት ላይ ናት እማማ፣ ቀስ ብሎ ይለቃታል ብለውኛል።»

«አጥንቷ ከቀረ በኋላ ነው የሚለቃት? ነይ፣ አህያዬ ወልዳለች።»

ወዲያው ገባኝ። እዚህ አገር ለትክትክ የአህያ ወተት ፍቱን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ልጄን አጠጣኋት የሚል ሰው ግን አታገኙም። አህያ ለክርስቲያን አፍ አይሆንም፣ ያጠጣም ቢኖር ደብቆ ነው፣ ከተሰማ ልጅቷ እስክትዳር ድረስ ስም ይወጣላታል። ለንስሐ አባቴስ ምን ልል ነው? አማቴ ግን መልሴን አልጠበቁም፣ ውርንጭላዋን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው፣ አህያዋን «ቁሚ አንቺ» እያሉ፣ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አለቡላት። የወጣችው ትንሽ ናት፣ ከላም ወተት ቀጠን ያለች፣ ነጣ ያለች።

«እዚሁ አጠጫት።»

«ቤቴ አፍልቼ እሰጣታለሁ፣ አሁን ደክሟት ተኝታለች።»

«እንዳትደፊው ብቻ፣ አውቅሻለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ልደፋው ነበር።

ሰብለን አዝዬ፣ ፕላስቲኩን ነጠላዬ ስር ሸጉጬ፣ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ መንገድ ጀመርኩ። ገና ከሰዓት ነው፣ ከመሸ በኋላ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደ ከተማ የሚወስደው ሜዳ እኩሌታ ላይ ስደርስ ግን ከሩቅ ካለው ገደል ማዶ ጉም መጣ፣ የመንዝን የሐምሌ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቀስ ብሎ አይመጣም፣ ባንዴ ነው የሚውጣችሁ፣ እግሬን እንኳን ማየት አቃተኝ። መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ካብ በእጄ እየዳሰስኩ ጥቂት ሄድኩና መቼም አሁን የሚያየኝ የለም ብዬ ፕላስቲኩን አወጣሁ፣ ክዳኑን ከፍቼ ላዘነብለው ስል ሳል ሰማሁ።

ሰብለ ናት ብዬ ዞር አልኩ። ጀርባዬ ላይ ናት፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች፣ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀኛል፣ አልነቃችም። ሳሉ ደግሞ ቀጠለ፣ ከፊት ለፊቴ፣ ከጉሙ ውስጥ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ መቶ ልጅ አንድ ላይ ቢያስል የራሳችሁ ልጅ ሳል አይጠፋችሁም፣ የትኛዋ ላይ እንደምትደክም፣ ፉጨቱ መቼ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ትጠብቁታላችሁ። የሰብለ ሳል ነበር። ፉጨቱን ጠበቅኩት፣ መጣ። ከዚያ ሲያስመልሳት ሰማሁ፣ ከዚያም አንዲት ሴት «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትፊው፣ ትፊው» ስትል።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ ለራሴ፣ ሜዳ ላይ ምን የገደል ማሚቶ አለ፣ ግን አልኩት። ጥቂት እንደሄድኩ ካቡ ስር የተቀመጠች ሴት ታየችኝ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች፣ ጭኗ ላይ በሱፍ ባና የተጠቀለለ ልጅ አለ።

«እንደምን ዋልሽ?» አለችኝ።

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምን ዋልሽ?» አልኳት።

«ልጄ ታማብኝ ነው። ምን ይዘሻል?»

«ወተት።»

«የምን ወተት?»

እስቲ ንገሩኝ፣ ወተት የያዘን ሰው የምን ወተት ነው ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ከፍርሃቱ የበለጠው እፍረቱ ነው፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ከማላውቃት ሴት ፊት፣ አማቴ አህያ አልበው ሰጡኝ ማለት ሞት ሆኖ ታየኝ።

«የላም ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ለልጄ አጠጪልኝ፣ እጄ ተይዟል» አለችኝ። አሁን የገባሁበትን እዩልኝ፣ አልሰጥም ካልኩ ለታመመ ልጅ ወተት የነፈግኩ ክፉ ልሆን ነው፣ ከሰጠሁ የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ሳይፈላ፣ እናቷ ሳታውቅ፣ የአህያ ወተት ልጨምር ነው። እውነቱን ለመናገር አንዲት ቃል ብቻ ትበቃኝ ነበር፣ እሷን ማውጣት አቃተኝ። ተንበርክኬ በክዳኑ ጥቂት ጥቂት እያደረግኩ፣ ነርሷ እንዳስተማረችኝ ቀና አድርጌ አጠጣኋት። በባናው መሃል የሚታየኝ አፏ ብቻ ነው። እየጠጣች ትንሿ እጇ ወጥታ አውራ ጣቴን ያዘች፣ በረዶ ስትለቅም የዋለች ይመስል ትቀዘቅዛለች። እስከ መጨረሻው ጠጣችው፣ አላስመለሳትም፣ ሳሉም ቆመ።

«የላም ነው አልሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«ያንቺዋስ ለምን ዝም አለች?» ወደ ጀርባዬ እያየች።

«እንቅልፍ ወስዷት ነው።»

«የኔ እንቅልፍ የላትም» አለች፣ በቁጣ አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያለችው።

ማዘያዬን ላጠብቅ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ጉሙ ተገልጦ ሜዳው እስከ ዳር ታየኝ፣ ካቡ አለ፣ ሰው የለም። ሮጠው የሚደርሱበት ቤት የለም፣ ዛፍ የለም። ጭቃው ላይ ያለው የኔ ቦቲ ዱካ ብቻ ነው። ሕልም ነው እንዳልል ካቡ ስር ትውከቱ አለ፣ አዲስ ነው፣ ቀለሙም ሮዝ ነው። ሰብለ ሽሮፗን አማቴ ደጃፍ ላይ ስትመልሰው የነበረው ቀለም ነው። እንዴት ከተማ እንደገባሁ አላውቅም፣ ስሮጥ አንዴም ወደ ጀርባዬ ዞሬ አላየሁም፣ የፈራሁት ሴትዮዋን ነው ብዬ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ግን እሷን አልነበረም።

ሰብለ ቤት ስንደርስ ነቃች፣ ምግብ ጠየቀች፣ በላች፣ አላስመለሳትም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዴም አላሳለችም። ታደለ ሽሮፑ ሠራ ብሎ ተደሰተ፣ አማቴ ከተማ መጥተው ደንበኞቼ ፊት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «ጠጣችልሽ?» አሉኝ፣ «አዎ እማማ» አልኳቸው፣ ጉንጬን ስመው ሄዱ። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ «እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲለቅ አይቼ አላውቅም፣ ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ። ሁሉም ሰው እንኳን ማረልሽ ይለኛል፣ እኔም እንኳን አብሮ ማረን እላለሁ።

እንግዲህ የማፍርበት ይሄ ነው። ልጄን ሳጥባት መፈለግ ጀመርኩ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለችው ነጥብ አለች፣ ጉልበቷ ላይ ወድቃ የተቧጨረችበት ጠባሳ አለ፣ ስሟን ስጠራት አቤት ትላለች፣ አባቷ ሲመጣ መሪ ልያዝ ብላ ታለቅሳለች። ምንም የጎደለ የለም። ግን በርበሬ ሳምስ እኔ አስላለሁ፣ ጎረቤት ያስላል፣ መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ በልብስ ቁልፎቼ ትጫወታለች። እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድጄ ቤቱን በጭስ ሞልቼ አይቻለሁ፣ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ዝም። እንዲቆምላት ስለት የተሳልኩበትን ሳል፣ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብታስል እያልኩ አፏን ሳይ እውላለሁ። ያን ቀን ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ያጠጣኋት የማን ልጅ ናት? ብዬ እንዳልጠይቅ ራሴን እቆጣለሁ፣ ተመልሼ ግን እጠይቃለሁ።

በቅርቡ የጎረቤቴ የአልማዝ ልጅ አቤል ትክትክ ያዘው። መንደርተኛው ልጆቹን ሁሉ ወደየቤቱ ሰበሰበ፣ እኔ ደግሞ ሰብለን ቀሚስ ቀይሬላት፣ እጇን ይዤ አልማዝ ቤት ሄድኩ።

«ውይ፣ ይዘሻት አትግቢ፣ ይይዛታል» አለች አልማዝ ከውስጥ።

«እሷ እኮ አንዴ ታማ ድናለች፣ ምን ትሆናለች» ብዬ ገባሁ፣ ልጄንም ከአቤል አጠገብ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት፣ ራቅ ስትል መልሼ ጠጋ አደረግኳት።

አቤል ሳሉ ተነሳበት፣ አልማዝ ቀና አድርጋ ያዘችው፣ ሳህን አቀረበች፣ ልጁ እያፏጨ የጠጣውን ሁሉ መለሰው። እኔ እሱን አላየሁትም፣ ዓይኔ ሰብለ አፍ ላይ ነው። እሷ ልጁን እስኪጨርስ ድረስ በእርጋታ አየችው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እማ፣ እኔም እንዳስልልሽ ነው ያመጣሽኝ?»

አልማዝ የልጇን አፍ መጥረጓን ትታ ቀና አለች። አይ የልጅ ነገር ብዬ ልስቅ ነበር፣ ሳቁ አልወጣልኝም። ደህና ዋሉ ሳልል እጇን ይዤ ወጣሁ፣ እስከ ቤታችን በር ድረስ ቀና ብላ እያየችኝ፣ መልሴን እየጠበቀች ነው የሄደችው። እስካሁንም አልመለስኩላትም፣ እሷም ድጋሚ አልጠየቀችኝም።