«ልጄ» ያለቻት ሴት

«ቀና በይ፣ ልጄ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ጉንጉኑን ጠበቅ እያደረገች።

ልጅቷ ቀና አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ባሕር ማዶ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ልጄ» የሚል ድምፅ የምትሰማው በስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም ኔትወርኩ ደህና ሲሆን። የምታኖራት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ደግ ናት፤ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም።

ፀጉር ሠሪዋ ጊዜ ነበራት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠርታት ፀጉሯን በነፃ ጎነጎነችላት። ስለ እናቷ ጠየቀቻት፤ ስታለቅስ አብራ አለቀሰች። ቀጥላ የራሷን ስልክ ገዛችላት፤ «አክስትሽ እንዳታይብሽ፣ የሁለታችን ምስጢር ነው» ብላ። ከዚያ በፕላስተር የታሸገ ዕቃ አስይዛ መናኸሪያ ላከቻት። አንዴ፣ ከዚያም ሁለቴ። ልጅቷ ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ «ልጄ» መባሉ የሚቀርባት መስሏት ነበር።

ዛሬ ሦስተኛው እሽግ ከደብተሮቿ መሃል ገባ።

«ይሄ ከበደኝ። ምንድን ነው?»

«የፀጉር ቅባት ነዋ! ፈታ በይ እንጂ። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪን ማን ይፈትሻል?»

ቅባት ከሆነ ፍተሻ ምን ያስፈራል? ልጅቷ ይህን እያሰበች ቦርሳዋን አነሳች።

«ደግሞ ያቺን አብራሽ የምትሄደውን ትንሽ ልጅ አንድ ቀን ይዘሻት ነይ» አለች ሴትዮዋ። «እናቷ ሞታ ከአያቷ ጋር አይደል የምትኖረው?»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ እናት አጠገቧ የሌላትን ልጅ ከሩቅ አውቃታለሁ» አለች፣ እንደ ሙያ እየኮራችበት።

ልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰባት ያህል ደነገጠች። እሷም እንደዚሁ ከሩቅ ታይታ ኖሯል የተመረጠችው።

የመናኸሪያው መንገድ ጋ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ። «የት ደረስሽ፣ ልጄ?» አሁንም፣ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ልቧ ቀለጠ። ከሁሉም ያበሸቃት ይኸው ነበር። ስልኩን ዘጋችና ወደ ቤት ታጠፈች።

«ምሳሽ ድስት ውስጥ አለ» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

«አልራበኝም። አክስቴ… አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትጠይኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቷ እሽጉን ካልተሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ተናገረች። አክስቷ አንዴም አላቋረጠቻት።

«እኔስ የት ነበርኩ?» አለች ቀስ ብላ። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን ቀየረች። «ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ከጎንሽ ንቅንቅ አልልም።»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከእንግዲህ በፀጉር ቤቱ በኩል ስታልፍ «ልጄ» ብሎ የሚጠራት አይኖርም።

«እሺ» አለች። «መጀመሪያ ግን በትንሿ ልጅ ቤት በኩል እንለፍ። ለአያቷ እኔ ነኝ የምነግራቸው።»