ስልኩ ያላየው ግድግዳ

«ወጣ?» አለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ።

ፍንጭት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ወጥቷል። ባዶው የጓሮ ክፍል፣ መስኮቱ፣ የጣውላው ወለል፣ ሁሉም ከክብሪት ሳጥን በማትበልጥ ስክሪን ውስጥ ተጣጥፎ ገብቷል።

«ወጥቷል፤ ግን…»

«ግን ምን?»

ፍንጭት በጣቷ ወደ ግራው ግድግዳ አመለከተች። ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀለሙ አብጦ ተልጧል፤ ጥግ ጥጉን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ሻጋታ ይዞታል። የቀድሞው ተከራይ ቁም ሣጥኑን ሲያነሳ ነው ጉዱ የወጣው። ክፍሉ ራሱ እርጥብ ልብስ ተቆልፎበት የሰነበተ ሻንጣ ይሸታል።

አክስቷ ስልኩን ተቀበለቻትና ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ አየችው። ከቅርብ ማየት ካቃታት ቆይቷል፤ መነጽር ግን «ያስረጀኛል» ብላ እምቢ ብላለች።

«የቱ ግድግዳ?» አለች። «እኔ እዚህ ላይ ምንም አይታየኝም።»

እውነትም አይታይም። ስልኩ ጨለማ አይወድም፤ ብርሃን ያልደረሰበትን ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት አስመስሎ ያልፈዋል። ሻጋታው ፎቶው ላይ የመስኮቱን ጥላ መስሏል።

«አየሽ? ስልኩ አላየውም፣ እኛም አልደበቅነውም። በይ ቀጥዪ፤ ሳሎኑ ይቀረናል» አለችና ቀድማት ወጣች።

ፍንጭት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህ ስም የወጣላት በፊት ጥርሶቿ መሐል ባለው ክፍተት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለተጠራችበት አሁን በዋናው ስሟ የሚጠሯት ከመምህራኗም ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ደግሞ የሰው ቤት ታከራያለች። «ደላላ» የሚላትን ሰው አትወድም፤ «ኤጀንት ነኝ» ትላለች፤ ቢሮዋ ግን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ናት።

ስልኩን የሸጠላት ሰው «የነጋዴ ስልክ ነው» ብሏታል፤ አልዋሸም። ወደ ጎን ሲከፈት እንደ ኮምፒውተር ያለ የፊደል ሰሌዳ አለው። ቀጠሮ ይመዘግባል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይንጫጫል። ድምፅ ይቀዳል፣ ኢሜይል ይልካል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀርባው ላይ ካሜራ አለው። ያን ጊዜ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሌሎቹ ደላሎች ተከራይ አስከትለው በፀሐይ ከሰፈር ሰፈር ሲንከራተቱ፣ አክስቷ ሌላ ከተማ ላለ ሰው ሳይቀር ከተቀመጠችበት ቤት ታሳያለች።

ችግሩ ቁልፎቹ ምስር ያክላሉ። አክስቷ አንዱን ስትጫን ሦስቱ ይነካሉ። አንድ ጊዜማ ለአንድ ደንበኛ የቤት ፎቶ እልካለሁ ብላ የራሷን አገጭ አንስታ ልካለታለች። ሰውየው ደውሎ «ይቅርታ፣ ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በስልኩ የምትሠራው ፍንጭት ሆነች። ከትምህርት ቤት መልስ ታነሳለች፣ ትልካለች፣ ቀጠሮ ታስገባለች። ክፍል ውስጥ «አንቺ ፎቶግራፈር፣ ያንን ስልክ አንድ ቀን ይዘሽልን ነይ በናትሽ!» ሲሏት ፊቷን ኮስተር ታደርጋለች እንጂ ሆዷ በደስታ ሊፈነዳ ይደርሳል።

በማግስቱ ቤቱን ልትከራይ ያሰበች አንዲት ነርስ ደወለች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ በዚህ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተዛውራለች፤ ፈቃድ ስላላገኘች ግን ቤቱን መጥታ ማየት አልቻለችም። አክስቷ ሁለቱም እጆቿ በወረቀት ስለተያዙ «ላውድ አድርጊው» አለች።

«ፎቶዎቹን የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አየናቸው» አለች ነርሷ። «ቤቱ ደስ ይላል። የጓሮውን ክፍል ለልጆቹ አስቤዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ደረቅ ነው አይደል? ትንሹ ልጄ አስም አለበት፣ እርጥበት አይስማማውም።»

ፍንጭት ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። አክስቷ ወረቀቷን ታገላብጣለች።

«ፎቶውን አይተውት የለ?» አለች አክስቷ፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ ነው። «እንደሚያዩት ነው። ያነሳችውም የእህቴ ልጅ ናት፤ ይኸው አጠገቤ አለች።»

«እሱስ ልክ ነው። እንግዲያው ውሉን ነገ እንጨርስና ቅዳሜ ዕቃችንን ጭነን እንመጣለን።»

ከወዲያ በኩል «እማዬ አንዴ ስጪኝ፣ አንዴ ብቻ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

«ፎቶ ያነሳሽው አንቺ ነሽ አሉ! ኧረ አሪፍ ነው!» አለች የነርሷ ልጅ። «ስሚ፣ አልጋዬን መስኮቱ ሥር ላድርገው ብዬ ነበር፤ ይበቃል? የወንድሜ በግራው ግድግዳ በኩል ይሆናል።»

ከልጅቷ ኋላ አንድ ትንሽ ልጅ ያስላል። ሳሉ መጨረሻው ላይ ፉጨት አለው።

«ይበቃል» አለች ፍንጭት።

ወደ ቤቷ ስትሄድ «አልዋሸሁም» አለች ለራሷ። «ስለ መስኮቱ ጠየቀችኝ፣ ስለ መስኮቱ መለስኩ።» ነገሩ ግን አልዋጥ አላት። ስልኩ ዓይኑ ደካማ ነው እንበል፤ እሷ ግን ቆማ አይታዋለች፣ ሽታውንም አሽትታዋለች። እናቷ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል» ስትላት «ፈተና ደርሶ ነው» አለች። ይህኛው እንኳ የለየለት ውሸት ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ደወል እንደተደወለ ጓደኞቿን ሳትጠብቅ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች።

«አክስቴ፣ ቁልፉንና ስልኩን ስጪኝ። የጓሮውን ክፍል እንደገና ላነሳው ነው።»

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። መስኮቱን ከፍቼ፣ ጠጋ ብዬ ካነሳሁት ይወጣል።»

አክስቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነይ ተቀመጪ። ስሚኝ እናቴ። ይህን ቤት ለስንት ሰው እንዳሳየሁት አታውቂም። ያየው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ ደግሞ ‹ካልቻልሽ ለሌላ ሰው ልስጠው› ብሎኛል። እሱ ከሄደ ሌሎቹ ቤቶቹም አብረውት ይሄዳሉ። በጋ ሲገባ ይደርቃል፤ ቀለም ራሴ አስቀባዋለሁ።»

«ቀለም ከላይ ነው። ልጁ ሲያስል ሰምተሽዋል አይደል?»

አክስቷ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። የፎቶ ኮፒው ማሽን እየተንገጫገጨ ወረቀት ይተፋል፤ ባለ ማሽኑ ያልሰማ ለመምሰል ወረቀቶቹን ደጋግሞ ያስተካክላል።

«ሰምቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወዲያው ግን ስልኩን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው። «ቢሆንም ስልኩ የኔ ነው፤ ሥራውም የኔ ነው።»

ፍንጭት ጉንጯ ጋለ። ተነስታ መሄድ አሰኛት፤ ግን አልተነሳችም።

«እሺ፣ ያንቺ ነው» አለች። «ከጀርባሽ ዞሬ አልነግራትም። ግን ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። ከዚህ በኋላ አትምጪ ካልሽኝም… እሺ።»

ያኔ ቦርሳው ውስጥ ስልኩ ተንጫጫ። ራሷ ፍንጭት ያስገባችው ቀጠሮ ነው፤ «ነርሷ፣ ውል» ይላል። አክስቷ አውጥታ ዝም ልታሰኘው አንዱን ቁልፍ ተጫነች፤ ባሰበት። ሌላ ተጫነች፤ መዝፈን ጀመረ። ባለ ማሽኑ ሳቁን ዋጠ። ፍንጭት እጇን ሰደድ አድርጋ አጠፋችላት።

ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ደወለች። አክስቷ ስልኩን አየች፣ ፍንጭትን አየች፣ ከዚያ ተጫነች። ሆን ብላ ይሁን ጣቷ ስቶ አይታወቅም፣ የነርሷ ድምፅ በላውድ ወጥቶ ጠረጴዛውን ሞላው።

«ውሉን እንጨርስ ብዬ ነው። ግን ከዚያ በፊት ልጄ ፎቶግራፈሯን አገናኙኝ ብላ ቆማብኛለች።»

«ሃይ!» አለች ልጅቷ። «የግራው ግድግዳ ርዝመቱ ምን ያህላል? የወንድሜን አልጋ ልንለካ ነው።»

ፍንጭት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እዚያ አጠገብ አታስተኙት» አለች። «ግድግዳው እርጥበት አለው። እስከ ጉልበቴ ድረስ ሻግቷል። ክፍሉ ጨለም ስለሚል ፎቶው ላይ አልወጣም። ባለፈው ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ቀጥሎ የመጣው የነርሷ ድምፅ ነው፤ ለስላሳነቱ ጠፍቷል።

«አክስትሽን አቅርቢልኝ።»

አክስቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ በሩ ወጣች። ፍንጭት የሚሰማት የአንደኛው ወገን ብቻ ነው።

«አዎ… ልክ ናት… ኧረ አልተሳሳተችም፣ እኔም አይቼዋለሁ… አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር… አይ፣ ቢቆጡም ይገባዎታል… እሺ… እሺ፣ እልክልዎታለሁ።»

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ተወችው?» አለች ፍንጭት።

«ተውኩት አላለችም። ‹ግድግዳውን በደንብ አሳዩኝ፤ ባለቤቱ ያስጠግነው እንደሆነም ይጠይቁልኝ› ነው ያለችው። ከዚያ ነው የምትወስነው።» አክስቷ ፊቷን በሁለት እጇ አሸት አሸት አደረገች። «ቆጣ ብላለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ስልኩን እዘጋው ነበር።» ከዚያም ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣች። «ተነሺ፣ ፀሐይዋ ሳትሄድብን።»

ቤቱ ሲደርሱ መስኮቱን ብርግድ አድርገው ከፈቱት። አክስቷ ብርሃን እንዲገባ በሩን በእግሯ ደግፋ ያዘች፤ ፍንጭት ተንበረከከች። የመጀመሪያው ፎቶ በጣም ስለተጠጋች ደበዘዘ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ሦስተኛውን አነሳች።

አክስቷ ክንዷን ዘርግታ አየችው። «አቤት፣ ሲያስጠላ!» አለች። «ላኪው።»

ስልኩ ፎቶ ሲልክ ቀርፋፋ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር እንደ ጉንዳን ትጓዛለች። አክስቷ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባለቤቱ ምን ይል ይሆን?» አለች ፍንጭት።

«ይጮሃል። መጮህ ልማዱ ነው፣ ይጩህ።»

መስመሯ ጫፍ ደረሰች። ፍንጭት ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ መተላለፊያው ወጣች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ኩሽና። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ያለው ጣውላም በስብሷል። እሱንም ላንሳው።»

አክስቷ ዓይኗን ጨፍና ከጎኗ ባለው ግድግዳ ላይ ተደገፈች፤ የግራው ግድግዳ መሆኑ ትዝ ሲላት ብድግ አለች።

«ወይ ጉዴ!» አለች። ከዚያ እየሳቀች ተከተለቻት። «ቆይ እንጂ፣ አትቸኩዪ፤ መብራቱን ላብራልሽ።»