ያልጎደለው ሙኦን

ፕሮፌሰሩ በቤተ ሙከራው ደረጃ ግርጌ ሞተው የተገኙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያገኛቸው ቴክኒሺያኑ ነበር። መርማሪዋ አወዳደቃቸውን አየችና ከፊት ለፊት የገፋቸው ሰው እንዳለ ገባት። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ቴክኒሺያኑ፣ ከአባቷ ጋር ከተኳረፈች ወር የሆናት ልጃቸውና ቀማሪው የሚሉት የሒሳብ ሰው። ሦስቱም እንወዳቸው ነበር አሉ፤ ይህ ለመርማሪ ብዙ ትርጉም የለውም።

ቴክኒሺያኑ ሥራውን አስረዳት። «አንድ ቅንጣት ሲፈርስ ኤሌክትሮንና ከበድ ያለው ወንድሙ ሙኦን እኩል መውጣት ነበረባቸው። እኛ ጋ ሙኦኑ ይጎድላል። ቀማሪው ‹ሁለቱን የሚያበላልጥ አዲስ ኃይል አለ፤ ከጀርባው ስውር ሲሜትሪ፣ የተፈጥሮ ሚዛን አለ› ብሎ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጻፈ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይለይለት ነበር።»

«እስከዚያስ?»

«ውጤቱ ተቆልፎ ይቀመጣል። የተመኘነውን እንዳናይ ዓይናችንን እናስራለን። የይለፍ ቃሉ እሳቸው ጋ ብቻ ነው።»

ልጅቷ «ተኳርፈን ነበር» አለች። «አሁን ማን ያስታርቀኝ?»

የቀማሪው ዓይን ደም መስሏል።

«ፕሮፌሰሩን መጨረሻ ያገኟቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ውጤቱስ ምን ይሆናል ይላሉ?»

«ሲከፈት እናየዋለና።»

ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል አስቀመጠቻቸው።

«ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ቀድመው አይተውታል፤ ኮምፒዩተሩ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብሎ መዝግቧል። ሌላ ቅንጣት እንደ ኤሌክትሮን ሲቆጠር ኖሯል። ኤሌክትሮኑ በዛ እንጂ ሙኦኑ አልጎደለም፤ አዲስ ኃይልም የለም።» ወደ ቀማሪው ዞረች። «እርስዎ ሁለት ሰዓት ላይ ጽሑፍዎን ለኅትመት ከላኩበት መጽሔት አንስተዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የደከመ ሰው ውጤቱ ሊከፈት ስድስት ሰዓት ሲቀረው ተስፋ አይቆርጥም፤ ካልነገሩት በቀር። ሊነግሩዎት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ትናንት ደግሞ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አግኝተዋቸዋል።»

ቀማሪው ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «‹የእኛ የቆጠራ ስህተት ነው፤ በል ሌላ ነገር ጀምር› አሉኝ፤ እየሳቁ። ትዳሬን የበላ ሥራ ነው። ገፋኋቸው።»

«ከዚያ ቢሮዎ ገብተው ጽሑፉን አነሱ?»

«ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ሰው ሲያነበው ዝም ልበል?» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ሐኪሙ ‹አባትሽ ወዲያው አልሞቱም› ብሎኛል፣ ጋሼ። አንተ ጽሑፉን ስታነሳ እሱ እዚያ ታች በሕይወት ነበር።»