ትርሲትና የተነፈሰው ጎማ

ትርሲትና እናቷ ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ እየሄዱ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ አይደለም፤ እዚያ ሊኖሩ ነው።

አባቷ ቤት ሊያዘጋጅ ቀድሟቸው ሄዷል። መኪናቸው ውስጥ ፍራሽ አለ፤ ድስት አለ፤ ወንበር አለ። ሐዊ ግን የለችም።

ሐዊ የትርሲት ጓደኛ ናት። ሲሰነባበቱ ሥዕል ሰጠቻት። ሥዕሉ ላይ ሁለት ልጆች ገመድ ይዘላሉ።

ትርሲት ሥዕሉን ይዛ በመስኮት ታያለች። ጥቁር ድንጋይ። ጥቁር ድንጋይ። አሁንም ጥቁር ድንጋይ። ሰው የለም።

ፍስስስስስ…

መኪናዋ ጎተት፣ ጎተት አለች። እናቷ ቀስ ብላ ከመንገዱ አወጣቻት።

«ጎማው ተነፈሰ» አለች። «እንቀይረዋለን።»

የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሌሎች መኪኖች አይተው እንዲጠነቀቁ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ከኋላ ራቅ አድርጋ መንገዱ ላይ አስቀመጠች።

መኪናዋ እንዳትንሸራተት፣ በደህናዎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አስደገፈች።

«አንቺ እዚያ ግራር ሥር ተቀመጪ። እስክጠራሽ አትምጪ። እሺ?»

«እሺ» አለች ትርሲት። ግራሩ ሩቅ ነበር።

ከግራሩ ሥር ሆና ስታያት፣ እናቷ ትንሽዬ ሆነችባት።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ የኔ ልጅ።»

እናቷ የጎማውን ብሎኖች ላላ፣ ላላ አደረገች። እህህ… ጠንካራ ናቸው።

ከዚያ ክሪኩን አመጣች። ክሪክ መኪና ወደ ላይ የሚያነሣ ብረት ነው።

ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። መኪናዋ ከፍ አለች።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። ሽውውው… አልፎ ሄደ። እንደገና ጭር አለ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ንፋስ መጣ። ሥዕሉን ከትርሲት እጅ መንጥቆ ወሰደው። ሥዕሉ እየተገለባበጠ ሄዶ መኪናዋ ሥር ገባ።

ትርሲት ተነሥታ ሮጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ከዚያ ቆመች። እናቷ ገና አልጠራቻትም።

«እማዬ፣ ሥዕሌ መኪናው ሥር ገባ። ላምጣው?»

«አትምጪ። እኔም አልገባም። በክሪክ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይገባም።»

ትርሲት ወደ ግራሩ ተመለሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያኔ ክሪኩ የቆመበት አፈር ሰመጠ። ክሪኩ ዘመም፣ ዘመም አለና…

ዷ!

መኪናዋ ወደቀች። አቧራው ሁሉን ሸፈነው።

«እማዬ፣ አለሽ?»

ዝም።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ የኔ ልጅ። ምንም አልሆንኩም።»

እናቷ ከአቧራው ውስጥ ወጣች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ውኃ ጠጣች።

«አፈሩ ለስላሳ ነው» አለች። «ክሪኩን ዋጠው።»

ትርሲት አሰበች። አሰበችና ከሩቅ ተናገረች፦ «መክተፊያችን ወፍራም ነው። ክሪኩ ሥር አድርጊው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከዕቃው መሐል መክተፊያውን ፈልጋ አወጣች። ክሪኩን በላዩ አቆመችው።

ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። አሁን አልሰመጠም።

የተነፈሰው ጎማ ወጣ። ተቀያሪው ገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደች። ብሎኖቹ ጥብቅ፣ ጥብቅ አሉ።

እናቷ ቅርንጫፉንም ድንጋዮቹንም ከመንገድ አነሣች። መኪናዋንም ትንሽ ወደ ፊት ነዳቻት።

«ትርሲት፣ ነይ።»

ትርሲት ሮጣ ሄዳ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ሥዕሉ አቧራ ለብሶ መሬት ላይ ነበር። እናቷ ስታነሣው ጎማው ያጠቆረው ጣቷ አሻራ ቀረበት።

አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ ደረሱ። አዲሱ ቤት ባዶ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው ያስተጋባል።

ትርሲት ጎማው መንገድ ላይ እንደተነፈሰ ለአባቷ ነገረችው።

«ጎማውን ማን ቀየረው?» አለ።

«እማዬ። እኔ ሩቅ ነበርኩ።»

«ሩቅ መሆን ከበደሽ?»

ትርሲት «አዎ» አለች። «ብቻዬን ነበርኩ።»

አባቷ ፍራሿን ከጥግ ጎትቶ መሐል ላይ፣ በእሱና በእናቷ መካከል አነጠፈው።

ትርሲት በዚህ በኩል የእናቷን ክንድ ነካች። በዚያ በኩል የአባቷን ክንድ ነካች። ከዚያ ተኛች።